ኮርማው ፈርዲናንድና የፍርስራሽ ከተማ ልጆች

ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በንባብ ክበባችን የተነሣ ክርክር ነው። የዚያን ዕለት ተራው የደረሰው ጓደኛችን አንድ ደጎስ ያለ ልብ ወለድ ይዞ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ፣ ስስ የሆነች የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ይዞ ከች አለ። ሳቅንበት። «ምነው፣ የታናሽ እኅትህን ቦርሳ ይዘህ መጣህ እንዴ?» ያለውም ነበር። እርሱ ግን ቅር ሳይለው መጽሐፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «አንብቦ ለመጨረስ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ሆኖም ይህችን መጽሐፍ የፈሩ መንግሥታት ነበሩ» አለን።

ሳቁ ቆመ፤ ክርክሩ ጀመረ። ገሚሶቻችን የሥዕል መጽሐፍ ለልጅ ሰላምንና ሰው ማክበርን ያስተምራል አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ ይህ የጠገቡ አገሮች ቅንጦት ነው፣ የራበው ልጅ የሚፈልገው እንጀራ ነው አልን። እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ትሰማ የነበረች አንዲት ጓደኛችን ታዲያ፣ «ሥዕል ፍቅርን ካስተማረ እኮ ጥላቻንም ያስተምራል ማለት ነው። እርሱንስ ማን አየው?» ብላ ሁለቱንም ወገን ዝም አሰኘችን። እውነቷን ነው። እኛም ነገሩን ለማጣራት ተነሣን። ያገኘነውን እነሆ፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

የጓደኛችን ጥያቄ ከባድ ስለሆነ ከእርሱ እንጀምር።

በ1936 በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ታተመ። ጸሐፊዋ ኤልቪራ ባወር የምትባል ወጣት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። አሳታሚው ዩሊየስ ሽትራይኸር፣ ማለትም «ደር ሽቱርመር» የተባለውን አይሁዳውያንን የሚሳደብ ጋዜጣ ሲያወጣ የኖረው ሰው ነበር። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ቀበሮንና አይሁዳዊን አጣምሮ «አትመኑ» የሚል ነው። በውስጡ ካሉት ሥዕሎች አንዱ አይሁዳውያን ልጆችና መምህራቸው ከትምህርት ቤት ሲባረሩ፣ የቀሩት ልጆችም በደስታ ሲጮኹባቸው ያሳያል። አይሁዳውያን ልጆች ከጀርመን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ፈጽመው እንዲወጡ የታዘዘው በኅዳር ወር 1938 ነው። እንግዲህ ሥዕሉ ከትእዛዙ በሁለት ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። ትእዛዙ ሲመጣ ያንን መጽሐፍ ያየ ልጅ ነገሩ አዲስ አልሆነበትም፤ አስቀድሞ በቀለም አይቶታልና።

በ1938 ደግሞ ያው ማተሚያ ቤት «መርዛሙ እንጉዳይ» የተባለውን አወጣ። ይህ መጽሐፍ እንዴት እንደሚጀምር ስናውቅ ነው የደነገጥነው። እናትና ትንሽ ልጇ ቅርጫት ይዘው እንጉዳይ ለመልቀም ጫካ ይሄዳሉ። ልጁ የለቀመውን ያሳያታል፤ እናቲቱ ደግሞ ይህ ደኅና ነው፣ ይህ መርዝ ነው እያለች ታስተምረዋለች። እስከዚህ ድረስ ማንም እናት ለልጇ የምትነግረው ነገር ነው፤ እንዲያውም ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ በሰዎችም መካከል እንዲሁ መርዛማ ዘር አለ ብላ የምትቀጥለው። ጥላቻው በእናት ድምፅ ገባ። ወታደር ወይም ካድሬ እየጮኸ ቢነግረው ኖሮ ልጁ ሊፈራና ሊሸሽ ይችል ነበር። ከእናቱ ግን ማን ይሸሻል?

ይህን ስናነብ የሥዕል መጽሐፍ ጉልበት ከየት እንደሆነ ገባን። ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ መጽሐፍን ብቻውን አያነብም፤ እናቱ ወይም አባቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ፣ የሚወደውን ድምፅ እየሰማ፣ ዓይኑን ሥዕሉ ላይ ተክሎ ነው የሚያየው። ሥዕሉ ከቃሉ ቀድሞ ይገባል። «ይህ እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብሎ የሚጠይቅ አእምሮ ገና አላበቀለም። እኛም ብንሆን «አያ ጅቦ መጣልህ!» እየተባልን ያደግን ነን፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተንም በጨለማ ስንሄድ የጅብ ድምፅ ስንሰማ ጀርባችንን የሚበላን እርሱ ነው።

ጥላቻን የሚያስተምሩት ይህን ጉልበት አሳምረው ያውቁ ነበር። ሰላምን የሚያስተምሩትስ?

እዚህ ላይ ወይዘሮ ዬላ ሌፕማን የተባሉ ሴት ወደ ታሪኩ ይገባሉ። በ1891 በሽቱትጋርት ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለዱ። አባታቸው ባለ ፋብሪካ ነበሩ። ልጅቱ ገና በ17 ዓመታቸው ለውጭ አገር ሠራተኞች ልጆች የንባብ ክፍል አቋቁመው እንደነበር ይነገርላቸዋል፤ ኋላ የሚሠሩት ነገር ያኔውኑ ጀምሯቸው ነበር ማለት ነው። ባለቤታቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆስለው ኖረው በ1922 ሲሞቱ፣ ወይዘሮ ሌፕማን ሁለት ልጆች ይዘው ቀሩ። ሥራ ፍለጋ ወጡና ጋዜጠኛ ሆኑ፤ በከተማቸው ጋዜጣም የአርታኢነት ወንበር የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት እርሳቸው ናቸው። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊት ናቸውና ከወንበራቸው ተነሡ። በ1936፣ ማለትም ያ የቀበሮው መጽሐፍ በታተመበት ዓመት፣ ልጆቻቸውን ይዘው ተሰደዱ፤ እንግሊዝ አገር ገብተው በሬዲዮ እየሠሩ የጦርነቱን ዘመን አሳለፉ።

ጦርነቱ አብቅቶ በ1945 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የአሜሪካ ጦር የሴቶችና የወጣቶች ጉዳይ አማካሪ አድርጎ ወደ ጀርመን ላካቸው። የሻለቃነት ማዕረግና የጦር ልብስ ተሰጣቸው። ከአገራቸው ያባረራቸው ሕዝብ ዘንድ፣ የድል አድራጊውን ልብስ ለብሰው ተመለሱ ማለት ነው። ለመሄድ ማመንታታቸውን ራሳቸው በማስታወሻቸው ጽፈዋል። ማን አያመነታ? በመጨረሻ ያስቆረጣቸው የልጆቹ ነገር ነው፤ ልጆቹ ምንም አላደረጉም።

ጀርመን ሲደርሱ ያዩት ፍርስራሽ ነው። ልጆች በጡብ ክምር መካከል ይርመሰመሳሉ፤ አባት የሞተበት፣ አባት የተማረከበት፣ ጫማ የሌለው፣ እናቱን በመንገድ ያጣ። ናዚዎች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚፈልጉትን ብቻ ሲያሳትሙ ስለኖሩ፣ ልጅ የሚያነበው ደኅና መጽሐፍ ማግኘት ከባድ ነበር። ወይዘሮዋ ታዲያ ለአለቆቻቸው ያቀረቡት ሐሳብ፣ ከመላው ዓለም የሕፃናት መጻሕፍትን ሰብስቦ ለጀርመን ልጆች ማሳየት የሚል ሆነ። እንግዲህ አስቡት፤ አገሩ የሚበላው የለውም፣ እርሳቸው የሥዕል መጽሐፍ ይላሉ! በክበባችን «ቅንጦት ነው» ያልነው ወገኖች የዚያን ጊዜ የጦር መኮንን ብንሆን ኖሮ ጥያቄውን ወረቀት ቅርጫት ውስጥ እንጥለው ነበር። እርሳቸው ዳቦ አያስፈልግም አላሉም። ያሉት፣ ልጅ ሆዱ ብቻ አይራብም፣ የአእምሮውም ረኃብ እንደ ዳቦው በጊዜ ካልታገሠ ሌላ ሰው መጥቶ የፈለገውን ያበላዋል ነው። ያ ሌላ ሰው ምን እንደሚያበላ ደግሞ አይተናል፤ እንጉዳይ።

ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ለ20 አገሮች ደብዳቤ ጻፉ። የሕፃናት መጽሐፋችሁን ላኩልን፣ በነጻ። ደብዳቤው የደረሳቸው አገሮች እነማን እንደነበሩ ማሰብ ያስፈልጋል። ከጥቂት ወራት በፊት የጀርመን ጦር ሲረግጣቸው የኖረ አገሮች አሉባቸው። ሙታናቸውን ገና ቀብረው አልጨረሱም። ለገደለህ ሰው ልጅ መጽሐፍ ስጥ ነው ነገሩ።

አገሮቹ እሺ አሉ፤ ከአንዱ በቀር። ቤልጂግ ግን፣ በጀርመኖች ሁለት ጊዜ የተወረረች አገር ነችና፣ አዝናለሁ፣ አልችልም አለች። እኛ በበኩላችን በቤልጂግ ለመፍረድ አንደፍርም። ወይዘሮ ሌፕማንም አልፈረዱባቸውም፤ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፉ እንጂ። የዚያ ደብዳቤ ቁም ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው፤ እነዚህ ልጆች አዲስ ጅማሬ እንዲያገኙ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው እናንተን ነው፣ አለዚያ ለሦስተኛ ጊዜ መጀመሪያ የምትወረሩት እናንተው ትሆናላችሁ። ይህ ልመና አይደለም፤ በማር የተለወሰም አይደለም። ቤልጂግ መጻሕፍቷን ላከች፤ የላከችውም ምርጥ ምርጡን ነበር።

ከመካከላችን አንዱ ይህን ሲሰማ፣ «እንግዲያው ሰላም ያስተማሩት ልጆቹን ብቻ አይደለም፤ ቤልጂጎችንም ጭምር ነው» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «የለም፣ ቤልጂጎች ናቸው ያስተማሩት» አለው። ይህ ክርክር አሁንም አላለቀም።

ኤግዚቢሽኑ በሐምሌ 3 ቀን 1946 በሙኒክ ተከፈተ። የተከፈተበት አዳራሽ ሂትለር በ1937 «የጀርመን ኪነ ጥበብ ቤት» ብሎ ያስመረቀው፣ ለእርሱ የማይጥመውን ሠዓሊ ሁሉ ውጉዝ ያደረገበት ባለ ረጃጅም ዓምድ ሕንፃ ነው። በዚያ አዳራሽ ግድግዳ ሥር ከ14 አገሮች የመጡ 4,000 ያህል መጻሕፍት ተደረደሩ። ይህ ሲሆን እዚያው ባቫሪያ ውስጥ በኑረምበርግ የጦር ወንጀለኞች ችሎት ገና ተቀምጦ ነበር። ከተከሳሾቹ አንዱ ሽትራይኸር ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ከቆጠረበት ማስረጃ አንዱም ያ የእንጉዳዩ የሥዕል መጽሐፍ ነበር። በአንድ ከተማ የሥዕል መጽሐፍ ፍርድ ቤት ቀርቧል፤ በሌላው ከተማ የሥዕል መጽሐፍ ለልጆች ተዘርግቷል። ሽትራይኸር በጥቅምት 16 ቀን 1946 ተሰቀለ።

ልጆቹ ጎረፉ። መጻሕፍቱ በመስተዋት ውስጥ የተቆለፉ አልነበሩም፤ እየነኩ፣ እየገለጡ፣ ቋንቋው ባይገባቸውም ሥዕሉን እያዩ ይቀመጡ ነበር። ለሥዕል መጽሐፍ ቋንቋ ግዴታ አይደለም፤ የፈረንሳይ ዝሆን በጀርመን ልጅ ፊት ያው ዝሆን ነው። ኤግዚቢሽኑ ከሙኒክ ወደ ሽቱትጋርት፣ ወደ ፍራንክፈርትና ወደ በርሊን ተጓዘ፤ በጠቅላላው ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው እንዳየው ተጽፏል።

አሁን ጓደኛችን ይዟት ወደ መጣት መጽሐፍ ደረስን።

ታኅሣሥ 1946፣ በርሊን። ያ ክረምት ጀርመኖች እስከ ዛሬ «የረኃብ ክረምት» እያሉ የሚያስታውሱት ነው። ልጆቹ መጻሕፍቱን አይተው ሲጨርሱ ወደ ቤት ይዘውት የሚሄዱት ነገር አልነበራቸውም፤ አገላብጠው አይተው መመለስ ነው። ወይዘሮ ሌፕማን ይህ አንገበገባቸውና አንዲት አጭር የአሜሪካ መጽሐፍ መርጠው ራሳቸው ወደ ጀርመንኛ መለሷት። ደኅና ወረቀት ስላልነበረ በጋዜጣ ወረቀት 30,000 ቅጂ አሳተሙና ለልጆቹ በነጻ አደሉ። መጽሐፏ «የፈርዲናንድ ታሪክ» ናት። የጻፋት መንሮ ሊፍ፣ የሣላት ሮበርት ሎውሰን ነው። እርሷም የታተመችው በዚያው ጉደኛ ዓመት በ1936 ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። በእስፓኝ አገር አንድ ወይፈን አለ። ሌሎቹ ወይፈኖች ሲዘልሉና ሲዋጉ ውለው ያድራሉ፤ እርሱ ግን ከቡሽ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አበባ ማሽተት ነው የሚወድ። ሎውሰን እዚህ ላይ ተጫውቷል፤ የጠርሙስ ቡሹን በቅርንጫፉ ላይ እንደ ፍሬ አንጠልጥሎ ስሎታል። ወይፈኑ አድጎ ግዙፍ ኮርማ ይሆናል። አምስት ሰዎች ለማድሪድ የኮርማ ግጥሚያ ኃይለኛ ኮርማ ፍለጋ ሲመጡ ሌሎቹ ወይፈኖች እንዲመረጡ ይንደረደራሉ። ፈርዲናንድ ምንም ሳያስብ ሊቀመጥ ሲል ንብ ላይ ያርፋል፤ ንቧ ትነድፈዋለች፤ ያጓራል፣ ይፈነጫል፤ ሰዎቹም «አገኘነው!» ብለው በጋሪ ይወስዱታል። ማድሪድ ሜዳው መካከል ሲደርስ የሴቶቹ ፀጉር ላይ የተሰካው አበባ ይሸተዋል። ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጦር የያዙት ቢቆጡ፣ ቢያለቅሱ አይነሣም። በመጨረሻ ወደ ሜዳው መለሱት።

ያለቀው ይኸው ነው። ታዲያ ምኑ ያስፈራል?

መጽሐፏ ከመውጣቷ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ የእስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት ፈንድቶ ነበር። ሊፍ ለወዳጁ የሚሥለው ነገር ሊሰጠው በአንድ ቁጭታ የጻፋት ተረት ሳይታሰብ የጦርነቱ እሳት ውስጥ ገባች። በጄኔራል ፍራንኮ ግዛት ታገደች፤ በሂትለር ጀርመንም እንዲሁ። በአሜሪካ ራሷ ውስጥ ገሚሱ ኮሚኒስት ናት አላት፣ ገሚሱ ፋሺስት ናት አላት፣ ገሚሱ ደግሞ ወጣቱን ከጦርነት የምታሸሽ ፈሪ አላት። በ1938 ዋልት ዲስኒ በአጭር ፊልም አወጣትና ኦስካር ተሸለመበት። አንድ አበባ የሚያሸት ኮርማ ይህን ሁሉ ስም ሲሰጠው ያስቃል፤ ግን አምባገነኖቹ አልተሳሳቱም ባይ ነን። ፈርዲናንድ ማንንም አይሰብክም፣ ማንንም አይሳደብም። እምቢ እንኳን አላለም እኮ። ዝም ብሎ ተቀመጠ። ዘምቱ ሲሉት የሚቀመጥን ሰው የሚወድ አምባገነን የለም።

እኛ ደጋግመን ያየነው ግን ሌላ ቦታ ነው። ወይፈኑ ትንሽ ሳለ እናቱ ብቻውን መቀመጡ ያሳስባታል፤ ለምን እንደ ሌሎቹ አትጫወትም ትለዋለች። እዚህ እደሰታለሁ ይላታል። እርሷም ልጇ ብቸኝነት እንዳልተሰማው ታይና፣ ላም ብትሆንም እናት ናትና ትተወዋለች። አንድ ገጽ ነው። ከዚያ ከእንጉዳዩ መጽሐፍ እናት ጋር አስተያዩአት። ያችኛዋ ለልጇ ማንን መጥላት እንዳለበት ታስተምራለች፤ ይህችኛዋ ልጇ ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ትጠይቃለች፣ መልሱን ትሰማለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። «ሰላም» የሚል ቃል የለበትም፤ የሌላውን ስሜት ስለ መጋራትም ስብከት የለበትም። በበርሊን ብርድ ውስጥ በጋዜጣ ወረቀት የታተመውን ይህን ገጽ ያየ ልጅ ግን፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት ሲነገር የኖረው ተቃራኒውን እንደነበር ሳይገባው አልቀረም።

ከዚህ በኋላ የመጣውን በአጭሩ እንለፈው። በ1949 ወይዘሮ ሌፕማን ባመነጩት ሐሳብ ኤሪክ ኬስትነር «የእንስሳት ጉባኤ» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ፤ ሥዕሉን የሠራው ቫልተር ትሪየር ነው። ኬስትነር በ1933 በበርሊን መጻሕፍቱ ሲቃጠሉ ሕዝቡ መካከል ቆሞ ያየ ደራሲ ነው። እንስሳቱ የሰዎች ጉባኤ ሁልጊዜ ያለ ፍሬ እንደሚበተን አይተው፣ ስለ ልጆች ሲሉ የራሳቸውን ጉባኤ ይጠራሉ፤ ብሎች ወታደራዊውን ልብስ ይበሉታል። ያስቃል። ይሁንና እውነቱን እንናገር ከተባለ ለእኛ ከፈርዲናንድ ያንሳል። የሚፈልገውን በግልጽ ስለሚናገር፣ ሰላም ፈላጊውን ያስደስተዋል እንጂ ሌላውን አይለውጠውም የሚል ስጋት አደረብን። በዚያው ዓመት መስከረም 14 ቀን ከኤግዚቢሽኑ መጻሕፍት የተወለደው ዓለም አቀፍ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት በሙኒክ ተከፈተ። ዛሬም አለ፤ ከ1983 ወዲህ ብሉተንቡርግ በተባለ አሮጌ ግንብ ውስጥ ይገኛል። በ1953 ደግሞ በወይዘሮዋ ጥረት የወጣቶች መጻሕፍት ዓለም አቀፍ ማኅበር በዙሪክ ተመሠረተ። እርሳቸው በ1970 ዐረፉ።

አሁን እኛን በቀጥታ የሚነካ ጥያቄ። በዚያ በሙኒክ አዳራሽ በተዘረጉት 4,000 መጻሕፍት ውስጥ እኛን የመሰለ ልጅ ስንት ቦታ ነበር? መጻሕፍቱ የመጡት በአብዛኛው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ነው። ስለ አሜሪካኖቹ መጻሕፍት ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ የተቆጠረ ቁጥር አለ። ናንሲ ላሪክ የተባሉ የትምህርት ባለሙያ በ1965 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከ1962 እስከ 1964 የታተሙ 5,206 የልጆች መጻሕፍትን ቆጠሩ፤ አንድም እንኳ ቢሆን ጥቁር ሰው ያለባቸው 349 ብቻ፣ ማለትም ከመቶ 6.7 ሆነው ተገኙ። ለቁጠራው መነሻ የሆነችው በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ልጆች ለምን ሁልጊዜ ነጮች እንደሚሆኑ የጠየቀች የአምስት ዓመት ጥቁር ልጅ ናት። የሥዕል መጽሐፍ በመሳደብ ብቻ አይደለም የሚበድለው፤ ባለመሣልም ይበድላል።

ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ በ1962 የታተመው «በረዶ የጣለበት ቀን» ነው። ደራሲውና ሠዓሊው ዕዝራ ጃክ ኪትስ ከፖላንድ የተሰደዱ ድኻ አይሁዳውያን ልጅ ነው፤ በአይሁድ ስሙ ሥራ ማግኘት ስለከበደው ስሙን የለወጠ ሰው። በ1940 ከመጽሔት የቆረጠውን የአንድ ጥቁር ሕፃን ፎቶግራፍ ከሃያ ዓመት በላይ አስቀምጦ ኖረ፤ ከዚያ ፒተርን ሣለው። ፒተር ቀይ ካፖርቱን ለብሶ በረዶ ላይ ይሄዳል፣ ዱካውን ያያል፣ ዛፉን በዱላ ይመታል። ሌላ ምንም የለም። በ1963 የአሜሪካን ትልቁን የሥዕል መጽሐፍ ሽልማት አገኘ። ላሪክ ግን በዚህም ላይ ተቹ፤ የእናቲቱ አሣሣል አልጣማቸውም፣ ጽሑፉም ልጁ ጥቁር ስለመሆኑ አንዲት ቃል አይናገርም አሉ። በክበባችን ይህ ትችት ለሁለት ከፈለን። ገሚሶቻችን ዝምታው ልክ ነው እንላለን፤ ልጅ በረዶ ሲያይ ስለ ቆዳው አያስብም። ሌሎቻችን ግን፣ ያኔ ጥቁር ልጅ ቆዳውን እንዲረሳ ማን ይፈቅድለት ነበር ብለን ጠየቅን።

የእኛ አገር ሰውም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለበት። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አሜሪካ ተሰደው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ መደርደሪያው ላይ የሌላው ቋንቋ መጽሐፍ ሞልቶ በአማርኛ ለልጅ የሚሆን እንደሌለ አዩ። ስለ ቂሉ ማሞ የሚተርከውን የአገራችንን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አድርገው በሥዕል አሳተሙ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰውም በ2003 በአዲስ አበባ በሾላ ሠፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍትም አቋቁመዋል። እርሳቸውም እንደ ወይዘሮ ሌፕማን የጀመሩት ከባዶ መደርደሪያ ነው።

ክርክሩን በወረቀት ብቻ ልንተወው አልፈለግንም። ባለፈው ቅዳሜ አራት ሆነን ከግቢያችን ብዙም በማይርቅ ሠፈር ወዳለች አንዲት የንባብ ክፍል ሄድንና ለልጆች ፈርዲናንድን በቃል እየተረጎምን አነበብንላቸው። ችግሩ ከመጀመሪያው ገጽ ነው የጀመረው። የኮርማ ግጥሚያ ምን እንደሆነ አያውቁም። «ኮርማውን ሊያርዱት ነው?» አለ አንዱ። «ለበዓል ነው?» አለች ሌላዋ። እንደ ምንም አስረዳናቸው፤ በቡሾቹ ግን ሳቁ፣ በንቧ ደግሞ ይበልጥ ሳቁ። ጋሪው ያለበት ገጽ ላይ ስንደርስ ከኋላ የተቀመጠ፣ ከሌላ አካባቢ ተፈናቅሎ ከአክስቱ ጋር የሚኖር አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ሲወስዱት ለእናቱ ማን ነገራት?»

እርስ በርሳችን ተያየን። መጽሐፉን ስንት ጊዜ አንብበነዋል፤ ይህን ያሰበ አልነበረም። ወደ ኋላ ገለጥን፣ ወደ ፊት ገለጥን፤ መጽሐፉ አይናገርም። አጠገቡ የተቀመጠች ልጅ ቀደመችን፤ «ሌሎቹ ወይፈኖች ነገሯት፤ እነርሱ ሲወስዱት አይተዋል» አለችው።

ልጁ ጥቂት አሰበበት። «እነርሱማ ሲዋጉ ነበር» አለ። ከዚያ ደግሞ፣ «ምናልባት አንዱ» አለና፣ ወደ እኛ ዞሮ፣ «እሺ፣ ቀጥሉ» አለን።